አንድ ኪስ፣ ሁለት ሌንስ

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ሲገባ ሌንሱን የመረጥነው እኛ አይደለንም። የእኛ ድርሻ ፊት ለፊቱ መቆም ነበር። በኋላ ካሜራው በእኛም እጅ ገባ። ፎቶ ቤት ከፈትን፣ ሠርግና ክርስትና አነሳን፣ ዛሬማ በየኪሳችን ይዘነው እንዞራለን። ታዲያ መምረጡ የእኛ ከሆነ በኋላ እንዴት ነው የምንመርጠው? ነገሩ ሲያዩት የዕቃ ግዢ ጥያቄ ይመስላል። ትንሽ ሲጎትቱት ግን ታሪክ እየተከተለ ይወጣል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው የመጣልኝ ከመልካሳ ነው። መልካሳን ለማታውቋት፣ ከአዳማ ተነስታችሁ ወደ አሰላ ስትጓዙ ገና 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ የምታገኟት የአዋሽ ዳር ከተማ ናት። ገበሬው የሚያውቃት ከ1969 ጀምሮ በቆየው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ስሟን የያዙ የበቆሎ ዝርያዎች አሉ። ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አላት። ከወንዙ ላይ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ አንደኛው በ1966፣ ሌላው በ1971 ሥራ የጀመሩ። ሌላው ሰው ደግሞ ሶደሬ ፍል ውኃ ሊዋኝ ሲሄድ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል።

እናላችሁ፣ እዚያ ያለው የእህቴ ልጅ ያገለገለ ካሜራ ገዛ። ካሜራው ሌንስ የለውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ “አንድ ሌንስ አመጣልሃለሁ፤ ከአንድ በላይ ግን ሻንጣዬም ኪሴም አይችልም” ብሎታል። ልጁም ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ስታንዳርድ ዙሙን ላስመጣ ወይስ ቴሌፎቶ ዙሙን? ጓደኞቼ ረጅሙን ያዝ፣ ሰው ያከብርሃል ይሉኛል።”

“ሰው ያከብርሃል” የምትለዋ ነገር አሳቀችኝ። በኋላ ሳስባት ግን የጉዳዩ ቁልፍ እሷው ሆና አገኘኋት። ጥያቄው መከበር ወይስ ማክበር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንተዋወቃቸው። ሌንስ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር የትኩረት ርዝመቱ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ አካባቢውን ሰፋ አድርጎ ያያል። ቁጥሩ ሲበዛ ከሩቅ ካለው ነገር ትንሿን ክፍል ቆርጦ ያቀርባል። የተለመደው የፊልም ክፈፍ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 43 ገደማ ይመጣል። ከዚህ ቁጥር ብዙም የማይርቀው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ “ኖርማል” የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ዙም ማለት ደግሞ ቁጥሩ በእጅ ሲዞር የሚቀያየር ሌንስ ነው። ለጀማሪ በሚሸጡት ብዙዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ስታንዳርዱ ዙም 18–55 ነው፤ ቴሌፎቶው 55–250 ወይም 70–300።

አሁን ቁጥሩን ከወረቀት ወደ መሬት እናውርደው። አንድን የቆመ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በቁመቱ ለማንሳት፣ በእነዚህ የጀማሪ ካሜራዎች 18 ላይ ከሁለት ሜትር ያነሰ ርቀት ይበቃል። 55 ላይ አምስት ሜትር ያህል ይፈልጋል። 250 ላይ ግን ከ20 ሜትር በላይ መራቅ አለባችሁ። ሁለት ሜትር ላይ ቡና ጠጡ ትባላላችሁ። አምስት ሜትር ላይ እጅ ትነሳላችሁ። ከ20 ሜትር ወዲያ ግን ሰውየው መነሳቱንም ላያውቅ ይችላል። እንግዲህ ሌንስ መምረጥ ማለት ከሰው ጋር የሚኖራችሁን ርቀት መምረጥ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመልሳችሁ። ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለዓለም ሲታወጅ አንድ ሰው ለመነሳት ረጅም ደቂቃ እንደ ሐውልት መቆም ነበረበት። በ1840 በቪየና ዮሴፍ ፔትስቫል ብርሃን በብዛት የሚያስገባ የሰው ፊት ማንሻ ሌንስ ቀመረ። የሚያስፈልገው ጊዜ አጠረ፤ ፎቶ ቤትም በየከተማው ተከፈተ። ሩቁን ማቅረቢያው ቴሌፎቶ ሌንስ የመጣው ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1891 በእንግሊዝ ዳልማየር፣ በጀርመን ሚተና ሽታይንሃይል ለየብቻቸው ሲደክሙበት ቆይተው አንድ ዘመን ላይ ደረሱበት።

እኛ ዘንድ ታሪኩ የሚጀምረው በጦርነት ነው ማለት ይቻላል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከአባቱ ሞት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሳችው። ሥዕሉን ያየ ሰው የልጁን ዓይን አይረሳውም። ካሜራው ቅርብ ነበር፤ ልጁ ግን ከአገሩም ከእናት ከአባቱም ሩቅ ነበር። ስለዚህ ቅርብ መቆም ብቻውን ማክበር አይደለም። ቀርቦ መጠየቅ የሚባል ነገር አለ፤ ተጠያቂውም እምቢ ማለት መቻል አለበት።

የመጠየቁ ነገር የመጣው ከፎቶ ቤቶች ጋር ይመስለኛል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ከእሱ በኋላ የነገሡትን አነሱ። ሙያው ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሕዝቡ ዘንድ ደረሰ። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ታጥቦ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ኮት ከሌለው የፎቶ ቤቱን ኮት ተውሶ ይቆማል። “ቀና በል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አትተንፍስ!” ይባላል። ሰውየው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ ይወስናል። ዛሬ በየአልበሙ ስናያቸው ደረቅ ብለው የቆሙት አባቶቻችን ያስቁናል። ግን አንዳቸውም ሳያውቁ የተነሱ አይደሉም።

ከዚያ ካሜራው ቀለለ። በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ በኮት ኪስ የምትገባ ነበረች፤ ሌንሷም 50 ሚሊ ሜትር። በ1935 ፋሽስት ኢጣሊያ ሊወረን ሲዘጋጅ ጋዜጠኛው ከየዓለሙ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። ከመጡት አንዱ አልፍሬድ አይዘንሽቴት ነበር። በላይካ ሥራው የታወቀ ጀርመናዊ ነው። ከዚያ ጉዞው በዓለም ከታወቁለት ሥዕሎች አንዱ የንጉሥ ዙፋን ወይም የጦር ሰልፍ አይደለም፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ የሚመጣውን ጦር በምን እንደምንጠብቀው ያ እግር ይናገራል። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚገኘው ዝቅ ብሎ በማየት ነው።

አሁን ወደ ዙሙ ደረስን። በ1959 ሁለት ሌንሶች እንደ መንታ ተወለዱ። አንዱ ፍራንክ ባክ ያቀደውና በፎክትላንደር ስም የወጣው “ዙማር” ነው፤ ለተራው የ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የተሠራ የመጀመሪያው ዙም። ቁጥሩ 36–82፤ ማለትም የዛሬው ስታንዳርድ ዙም ቅድመ አያት። ሌላው የጃፓኑ ኒኮን ያወጣው 85–250 ነው፤ የቴሌፎቶ ዙም አያት። ልብ በሉ፣ ልጁ ከመልካሳ የጠየቀኝ ጥያቄ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። በ1963 ኒኮን 43–86 የሆነ አነስ ያለ ዙም ሲያወጣ ነገሩ ወደ ተራው ሰው ኪስ መቅረብ ጀመረ። በ2003 ደግሞ ካነን ሌንስ የሚቀየርላትን ዲጂታል ካሜራ ከ18–55 ጋር አጣምሮ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ሲሸጥ፣ ትንሿ ዙም የጀማሪ ሁሉ መነሻ ሆና ቀረች። በሣጥኑ ውስጥ በነጻ የመጣች ስለሚመስል ብዙዎች ይንቋታል። “ከካሜራው ጋር የመጣችው” ይሏታል፣ እንደ እንጀራ ልጅ።

እኔ የረጅሙ ሌንስ ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ያለ እሱ የማናገኛቸው ታሪኮች አሉን። ከመልካሳ ተነስቶ በአሰላ በኩል የሚቀጥለው መንገድ በቆጂ ያደርሳል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። በዚያ ውድድር ማንም ፎቶ አንሺ ከመሮጫው መሐል ገብቶ “እስቲ ቁሙልኝ” ማለት አይችልም። ከዳር ቆሞ ማቅረብ የግድ ነው። ረጅሙ ሌንስ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ለእንስሳትም እንዲሁ። የአብያታ ፍላሚንጎዎች ሰው ሲጠጋቸው ይነሳሉ። የባሌው ቀይ ቀበሮ ማደኑን ይተዋል። ለእነሱ መራቅ ማክበር ነው። እዚያው አጠገባችን ሶደሬ ያሉት ጦጣዎች እንኳ፣ ሰው የለመዱ ቢሆኑም፣ ሙዝ እያሳዩ ከመጥራት ከሩቅ ማንሳቱ ለእነሱም ለእኛም ጤና ነው። አዋሽ ውስጥ ያለውን አዞማ ቀርቤ ላንሳ የሚል ጀግና ካለ፣ የመጨረሻ ፎቶው ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ለአዞ የተገባውን ርቀት ለሰው ስንሰጠው ነው።

አንድ ጊዜ እዚያው መንገድ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የቱሪስት መኪና ከአስፋልቱ ማዶ ቆመ። በመስኮቱ ክንድ የሚያህል ሌንስ ብቅ አለ። ወዲህ ማዶ ፓፓያና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሌንሱ እየዞረ ለቀመ ለቀመና መኪናው ሄደ። ፓፓያ ስገዛቸው የነበሩት እናት ቀና ብለው፣ “ምን አይቶ ነው?” አሉኝ። ፎቶ አንስቷችሁ ነው አልኳቸው። ሻሻቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ “አይ ያ ሰው! መጥቶ ቢጠይቀኝ እኮ ሻሼን አስተካክዬ እነሳለት ነበር” አሉ። አልተቆጡም። እምቢ ሊሉትም አልነበረም። የከፋቸው ሻሹን የማስተካከል ዕድል ማጣታቸው ነው።

ይህ የሻሽ ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም። በኦክቶበር 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው፣ ማይክል በርክ በቢቢሲ የዘገበው ምስል ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ እርዳታ መጣ፣ ሰው ተረፈ። ለዚህ ማንም ምስጋና አይነፍገውም። ግን ያው ምስል ለብዙ ዓመታት በብዙ አገር የኢትዮጵያ ብቸኛ መልክ ሆኖ ቀረ። በምስሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ስማቸውን የምናውቀው ስንቶቹን ነው? ጥፋቱ የቀራጩ አይደለም። ከእሱ ምስል አጠገብ የሚቆም፣ እኛ በቅርብ ያነሳነው ሌላ ምስል በዓለም ፊት ማነሱ ነው።

ሌላ ምስልማ ነበረን። ሸምሰዲን፣ አልማዝ፣ ገመዳ፣ ማን ያልተነሳ አለ? ከቤተ መንግሥቱ በኩል ሽመልስ ደስታ ከ1963 እስከ 1982 የንጉሡንም የደርግንም ዘመን ከቅርብ ሲያነሳ ኖሯል። ከተራው ሰው በኩል ደግሞ በየሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ የነበረው የቤተሰብ ፎቶ በ2018 “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” በሚል መጽሐፍ ተሰብስቦ ሲወጣ፣ አጭር ቀሚስና ሰፊ ሱሪ የለበሰች፣ የምትስቅ፣ የምትደንስ ከተማ አየን። ያነሷቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው። ወንድም፣ ጓደኛ፣ የሰፈር ፎቶ ቤት። ከሰላምታ ርቀት።

ከዚህ በኋላ ወደ ምክሩ ልምጣ፤ ምክንያቱም ልጁ የጠየቀኝ ታሪክ ሳይሆን ሌንስ ነው። የመለስኩለት እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ቤትህን ለካው። የእናትህ ሳሎን ከግድግዳ ግድግዳ ስንት ሜትር ነው? አራት ከሆነ፣ በ70–300 ቡና የምታፈላውን እህትህን ከነረከቦቷ ልታነሳት አትችልም፤ ግድግዳውን አልፈህ ጎረቤት ልትገባ ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ምርቃት፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ፣ ሁሉም የሚሆነው በጥቂት ሜትር ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ብርሃኑን አስብ። ረጅም ሌንስ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ደንብ እንደሚለው፣ በአንተ ካሜራ 250 ላይ ስታነሳ ሹተሩ ከሰከንድ 400ኛ እጅ ባይዘገይ ይሻላል። 18 ላይ ግን 30ኛ እጅ ሊበቃህ ይችላል። መንቀጥቀጥ የሚከላከሉ ሌንሶች ችግሩን ያቀልሉታል፤ የሚንቀሳቀስ ሰውን ግን አያቆሙልህም። አንድ አምፖል ባለበት ቤት ይህ ልዩነት ፎቶ የማግኘትና የማጣት ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፣ አገርህን እወቅ። መልካሳ ቆላ ናት። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል። በረጅም ሌንስ ሩቅ ያለውን ብታነሳ፣ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢሆን፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዕቃ ይርገበገብብሃል። ረጅሙን የሚይዝ ሰው በማለዳና በማታ ነው የሚሠራው። አቧራም አለ። ሁለት ሌንስ ኖሮህ በየመንገዱ ብትቀያይር ነፋሱ ካሜራው ሆድ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ አንተ ያለኸው ድልድይ፣ ማመንጫና ፋብሪካ ባለበት ሰፈር ነው። ክንድ የሚያህል ሌንስ ወደዚያ ስታነጣጥር ያየህ ጥበቃ “ምን እያደረግህ ነው?” ማለቱ አይቀርም፤ ወፍ ነው ያነሳሁት ብትለውም ወፏ እስክትመሰክርልህ ትቆያለህ።

አራተኛ፣ የሌንስ ርዝመት እግር አይተካም። የነገሮች መቀራረብና መራራቅ በሥዕሉ ላይ የሚወሰነው አንተ በቆምክበት ቦታ ነው። ጀማሪ ሆኖ ቴሌፎቶ የያዘ ሰው ቆሞ መጠምዘዝ ይለምዳል። ስታንዳርዱን የያዘ ግን ይራመዳል፤ ሲራመድም ከሰው ጋር ይገናኛል። ዙሙን አንድ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 35 ላይ፣ በፕላስተር አስረህ አንድ ወር አንሳበት። ከወሩ በኋላ ዓይንህ ካሜራውን ሳያወጣ ክፈፉን ማየት ይጀምራል።

“ታዲያ ቴሌፎቶው መቼ?” አለኝ። ስታንዳርዱ የማይደርስልህን አሥር ፎቶ ቆጥረህ ጻፍ አልኩት። ዝርዝሩ ወፍ፣ የአትሌቲክስ ውድድርና እግር ኳስ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሌንስ ተራው ደርሷል፤ ያኔ በልበ ሙሉነት ግዛ። ዝርዝሩ ሰዎች ብቻ ከሆነ ግን የጎደለህ ሌንስ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ሰላም ማለት ዋጋ የለውም። ከመጀመሪያው ፍላጎትህ የአዋሽን ወፎች ማንሳት ብቻ ከሆነ ደግሞ ምክሬን ተወው፤ ረጅሙን አስመጣ። ሰዎቹን በስልክህም ታነሳቸዋለህ። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና በእጅ ስልኩ አንስቶ በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው የሚጎትት ሌንስ ይዞ አይደለም።

ባጭሩ፣ ለሚጠየቅ አጭሩ፣ ለማይጠየቅ ረጅሙ። ሰው ይጠየቃል፤ አዞና ፍላሚንጎ አይጠየቅም።

ይህን ሁሉ የምለው የአንድ ወጣት ትርፍ ጊዜ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ከመልካሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን አዳማን እንይ። ያቺ ከተማ ያደገችው በባቡር ነው። መስመሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ወንጂን ደግሞ ሆላንዶች በ1954 ስኳር ማምረት ጀመሩባት፤ ያ አሮጌ ፋብሪካ ዛሬ ሥራ ላይ የለም። የሕንጻዎቹን ፎቶ መፈለግ አያቅትም፤ ሕንጻ ከሩቅም ይነሳል። ትኬት ቆራጩ፣ ሸንኮራ ቆራጩ፣ በጣቢያው በር ላይ እንቁላል ትሸጥ የነበረችው ሴት ግን በቅርብ ያነሳቸው ሰው ከሌለ የሉም።

የመልካሳም ሰዎች እንዲሁ ናቸው። ቦሎቄ የሚያዳቅሉት፣ አሲድ የሚቀዱት፣ የማመንጫውን ተርባይን የሚጠብቁት፣ ከመንገድ ዳር ፓፓያ የሚሸጡት፣ ከ50 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው የሚፈልጉት ፊታቸውን ነው። ድሮ ፎቶ ሲሰጥ ከጀርባው “ለማስታወሻ” ተብሎ ስም፣ ቀንና ቦታ ይጻፍ ነበር። ያንን ለመጻፍ የሰውየውን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን ለማወቅ ደግሞ፣ የትኛውንም ሌንስ ብትይዙ፣ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መቅረብ ግድ ነው።